የማይበላሸው ኮምፒውተር

አባቴ ላፕቶፑ ላይ የነካው ሁሉ ይሠራል። ፎቶውን ሲጫን ፎቶው ይከፈታል፤ ዘፈኑን ሲጫን ዘፈኑ ይጀምራል። በረንዳው ላይ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪደሰት እጠብቃለሁ። የቆቃ ከሰዓት ነው፤ ሐይቁ በሙቀቱ ውስጥ ከመሬት ከፍ ብሎ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሰው መንቃቱንና መተኛቱን አይለይም።

ነገ ለሥራ ወደ ጅግጅጋ እሄዳለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ነን፤ ከነገ ጀምሮ እሱ ብቻ። አሮጌውን ላፕቶፔን ልተውለት ብዬ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫንኩበት። ሊኑክስ ዓይነቱ ብዙ ነው። እኔ የምጠቀምበት አርች ባዶ መሬትና ብሎኬት ሰጥቶ «ቤትሽን ራስሽ ሥሪ» የሚል ነው፤ እንደ እኔ መነካካት ለሚወድ ደስታ፣ ለጀማሪ ግን ግፍ። ለአባቴ የመረጥኩለት ሚንት መጋረጃው ሳይቀር ተሰቅሎ የሚረከቡት ቤት ነው።

«አይበላሽም?» ይላል፣ ዓይኑን ከሐይቁ ሳይነቅል።

«አይበላሽም አባዬ። ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም።»

ፎቶውን እንደገና ይጫናል፤ ይከፈታል። ዕድሜውን ሙሉ የቆቃው ኃይል ማመንጫ ውስጥ የተርባይን ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ዝምታው ከብዶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ይከብደኛል። እሱ ስልክ የሚደውለው ለጉዳይ ብቻ ነው። አዳማ ስማር የምትደውልልኝ እናቴ ነበረች፤ እሱ ከጀርባዋ «ሰላም በያት» ይላታል፣ በቃ።

«ያንቺው ዓይነት ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቀኛል። እንደሚያስቸግረው እነግረዋለሁ፦ ጥቁር ስክሪን ላይ እየጻፈ ማዘዝ አለበት፣ ባደሰው ቁጥር የሆነ ነገር ሊበላሽበት ይችላል፣ በየጊዜው እኔን መጠየቁ አይቀርም። እኔ ስናገር የእሱ ፊት እየፈካ ይሄዳል።

«ታዲያ እሱ አይሻልም?» ይላል። «ይሄኛው ካልተበላሸ ምን ብዬ እደውልልሻለሁ?»

ዝም ብለህ ደውል ልለው አፌ ላይ ይደርሳል። አይችልበትም። ፍላሼን እሰካና ያን የመሰለ ቤት ከነመጋረጃው ደምስሼ አርች እጭንለታለሁ።

ሐይቁ ላይ ብርሃኑ ሲሳሳ፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ መስመሮች ይወርዳሉ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ወንበሩን ይጎትታል። አንዱ መስመር ላይ ጣቱን አሳርፎ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቀኛል።

አውቀዋለሁ። አልነግረውም።

«ነገ ማታ ደውለህ ጠይቀኝ» እለዋለሁ።

እሺ ይላል፤ ጣቱን ግን ከመስመሩ ላይ አያነሳም።