ምርቃት በካርድ

ስልክ ምርቃት እየሰማ ለተመራቂው መክፈል ከጀመረ ወዲህ፣ «ይባርክህ» ያለ ሁሉ ከሂሳቡ ይቆረጥበታል። እማማ ጥሩወርቅም የልጅ ልጃቸው ወለላ እጃቸውን ስታስታጥባቸው፣ ፀጉሯን ዳሰስ ያደርጋሉ እንጂ አይመርቋትም።

ዛሬ ባለመድኃኒት ቤቱ አስቻለው ሊሞሸር ነውና ጉልበታቸውን ሊስም መጣ። ያኔ ስልክ ሳይኖራቸው ወለላ በትኩሳት ስትነድ፣ «የባንክ ካርድ አንቀበልም፤ ስልክ ከሌለዎት ይሂዱ» ብሎ የመለሳቸው እሱ ነው።

«እማማ፣ ይመርቁኝ።»

ስልካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አጠፉት። አስቻለው ያለ ክፍያ፣ ከልብ ሊመርቁኝ ነው ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ያንኑ ካርድ አስቀመጡበት።

«በዚህ ውሰድ!»

«ኧረ እማማ፣ ሰርጌ እኮ ነው!»

«በትኩሳት የነደደችውም ልጄ ናት!»

ከዚያ ወደ ወለላ ዞሩ። «ነይ የኔ እናት፤ እደጊ፣ ተመንደጊ» እያሉ፣ እሱ እንደተንበረከከ እየሰማ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ መረቋት።