ባዶ የሚጮኸው ኮንክሪት

ሂልካ ሳሎነንን የበደላት ሮይስ ቲንዳል ነው። ስሙ ይጻፍ፤ ምን ያስደብቃል። ሙስቲን፣ ውሻዋን፣ ከሥራ ቦታ ያባረረባት የሠራተኞቹ አለቃ እሱ ነው።

ቦታው በሱፐሪየር ሐይቅ ዳር ያለ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። መንገደኛ ሻንጣውን ከሚጠብቅበት አዳራሽ ጣሪያ ላይ መኪና ይሄዳል። በብርዱ ወራት ለበረዶ ማቅለጫ የሚበተነው ጨው ያንን የኮንክሪት መንገድ እንደ ብል በልቶታል። የተበላው ተፈልፍሎ ይሞላል፤ ከዚያ ውሃ የማያስገባ ሽፋን ይለበጥበታል። ከተለበጠ በኋላ ከሥሩ ያለውን የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ በመዶሻ ይመታል። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የላላው እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል። ሂልካ ጸጉሯ የሸበተው በዚህ ሥራ ነው። ባዶውን በቀይ ቀለም ትከባለች፤ በደህናው ላይ አረንጓዴ መስመር ታሰምራለች። ቀይ የተቀባው ወዲያው ስለሚፈለፈል እውነቱም ስህተቱም ያኔውኑ ይታያል። አረንጓዴው ይሸፈናል። ታዲያ አንድ ባዶ ካመለጣት፣ ጣሪያው አንድ ቀን የሰው አናት ላይ ይወርዳል። እስካሁን አምልጧት አያውቅም። ኩራቷም እንጀራዋም ይኸው ነው።

ሙስቲ ያረጀ ጥቁር ውሻ ነው። ስትመታ ከመዶሻው አጠገብ ኩርምት ይልና ዝንብ እንደነካው ሁሉ አልፎ አልፎ አንድ ጆሮውን ቀጥ ያደርጋል። እሷም መኪና እንዳይገጭባት ዓይኗን ከሱ አትነቅልም።

«ውሻሽ እርጥቡን ሽፋን ረገጠው» አለ ሮይስ ሙስቲን ባባረረበት ቀን ጠዋት። «ካሁን ወዲያ በዚህ በር አይገባም።»

«አንተ በዚያ በጭቃ ጫማህ ስትገባ ማን ከለከለህ?»

«ሴትዮ፣ በረዶው ሳይጥል መጨረስ አለብን። የቀረው ከአዳራሹ መግቢያ በላይ ያለው ቁራጭ ነው። ነገ ጠዋት ምቺው፤ ከሰዓት ይሸፈናል።» ፊቱን አዙሮ ሌላ ነገር ማጉተምተም ጀመረ።

«እያየኸኝ ተናገር! ጀርባውን ሰጥቶ የሚያወራ ሰው የሚደብቀው አለው።»

ሮይስ ዞረ። ቆሞ አያት። ያ አስተያየቱ ደስ አይልም።

ምሳ ላይ ሽፋን ለባጯ ዶናልዳ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ጄት ተነስቶ ሁሉም ጆሮውን ሲይዝ፣ ሂልካ ጥቁር ዳቦዋን ትቆርስ ነበር።

«እማማ ሂልካ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አስቦ ነው?» አለች ዶናልዳ ጄቱ ካለፈ በኋላ። «ሰሞኑን ሁሌ ከኋላዎ ነው የሚቆመው።»

«ያቺ የመግቢያው ቁራጭ ብታስፈራው ነው። ባዶ ሆና ሳትታይ ሸፍኗት ሊሄድ።»

«ቢሸፍናትስ?»

«እኔ እያለሁ? ሞቼ ልገኝ!»

ከሰዓት በኋላ የአሸዋ መኪና ወደኋላ እየተነዳ መጣባት። መቁረጫ ማሽን ላይ የነበረችው ዶናልዳ የጆሮ መከላከያዋን እንኳ ሳታወልቅ ሮጣ በኮቷ ጎተተቻት። ጎማው የሂልካን መዶሻ ጨፍልቆት ቆመ።

«ጡሩምባ እየነፋሁ!» አለ ሹፌሩ ዘሎ ወርዶ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ውሸታም! የላከህን አውቀዋለሁ!»

ሮይስ ከወዲያ ማዶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሁሉን ያይ ነበር። ቀስ ብሎ መጣና የራሱን መዶሻ ዘረጋላት።

«ነገ በዚህ ምቺ» አላት። «እኔም እቆማለሁ።»

«ቁም። ዓይንህ ይይ።»

በሩ ላይ የታሰረውን ሙስቲን ፈትታ ወደ ቤቷ ሄደች። ዳቦዋን እንዳለ ለሱ ሰጠችው። እሷ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም፤ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጆሮዎቹን ስትዳብስ አመሸች።

በማግስቱ ጠዋት ከመግቢያው በላይ ያለውን ቁራጭ በሮይስ መዶሻ መታችና፣ ዶናልዳና ሮይስ ከኋላዋ «ሂልካ፣ ባዶ ነው! ባዶ ነው!» እያሉ ሲጮኹ፣ ዞር ሳትል፣ ባዶ ሲጮኽ የሙስቲ ጆሮ ትነሳበት የነበረውን ቦታ ለአፍታ አይታ፣ ቀና ብላ አረንጓዴውን መስመር አሰመረች።