የበቆሎ ጸጉር

ልጅቱ የአባቷን የሽንት መለኪያ ጆግ ከአልጋው ሥር አነሳች።

«ስንት ሞላ፣ የኔ ሐኪም?» አላት፣ ያበጡ እግሮቹን ትራስ ላይ እንደሰቀለ።

«ሊትር ሊሆን ነው፣ አባዬ!»

«አላልኩሽም? የምን የኩላሊት እጥበት! ልብስ ነኝ እንዴ?»

ሳቀች። የበቆሎ ጸጉር እያፈላች ማጠጣት ከጀመረች ሳምንቷ ነበር፤ ሽንቱ በየቀኑ ሲጨምር ስላየች የእጥበት ቀጠሮውን ያሰረዘችው ራሷ ነበረች። ልትደፋው ስትል ግን ጆጉ እጇ ላይ ቀዘቀዛት። አፍንጫዋን አስጠጋች። የሸተታት ሽንት ሳይሆን ጠዋት ያፈላችለት የበቆሎ ጸጉር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በደስታ ስትለካ የከረመችው እሱ ሳይጠጣ ጆጉ ውስጥ የገለበጠውን ነበር።

ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ለሐኪሞቹ አትንገሪያቸው፣ ልጄ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናትሽ ከዚያ የእጥበት ማሽን ላይ አልተነሳችም።»

ስልኳን ስታወጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።