መርፌ ካልተወጋሁ አልሄድም

ልብስ ሰፊው ባሳለ ቁጥር የድንገተኛ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር አብሮት ይንቀጠቀጣል። ሚስቱ የእሱን ካፖርት ተሸክማ፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ደረጃው ላይ እየቆመች እያረፈች ደረሰችበት።

«እኔ ልሞት ነው፤ አንቺ ትንፏቀቂያለሽ!» አላት።

«አፍህን በመልካም ክፈት» አለችና በልቧ የጀመረችውን ጸሎት ቀጠለች። ጎረቤታቸውን የሳንባ ምች ከወሰደው ገና ወር አልሞላውም። ይሄን ሰውዬ ደግሞ ካጣች ቤቱ ወና መሆኑ ነው። ሰሞኑን እህል እንኳ አልወርድ ብሏታል።

ወጣቷ ሐኪም ባልየውን አልጋው ላይ አስቀምጣ ጀርባውን ደጋግማ አዳመጠች። ራጅ አስነስታ እሱንም ብርሃን ላይ አየችው።

«ጋሼ፣ ሳንባዎ ንጹህ ነው። ጉንፋን ነው፣ በራሱ ጊዜ ይለቅዎታል። አንቲባዮቲክ አያስፈልግዎትም።»

«ይሄ ሁሉ ሳል ለጉንፋን? ልጄ፣ መርፌ ካልተወጋሁ አልሄድም! ዕድሜዬን ሙሉ በመርፌ ስሠራ ኖሬ ዛሬ መርፌ ልከልከል?»

«ያለቦታው የተሰጠ መድኃኒት፣ የተፈለገ ቀን እምቢ ይላል ጋሼ።»

«ሰስተሽ ነው እንጂ!»

ሚስት ግድግዳውን ተደገፈች። «የኔ ልጅ... አንዴ ብትወጊልኝ... ምናለበት? በእግዚአብሔር...»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። ባልየው ጣት ላይ የነበረውን የኦክስጅን መለኪያ ነቅላ የሴትዮዋ ጣት ላይ ሰካችው። ቁጥሩን አይታ ፊቷን ቋጠረች። ነቅላ በራሷ ጣት ሞከረችው። መልሳ ሴትዮዋ ጣት ላይ ሰካችው።

«ይኸው! መሣሪያቸውም ተበላሽቷል!» አለ ባልየው። «በዚህ ነው እንግዲህ ደህና ነህ የምባለው!»

ሐኪሟ ነርሷን ጠራች።

«ኦክስጅን ቶሎ አምጪ። ራጅ ይነሳ። የሳንባ ምች መርፌውንም አዘጋጂ፤ የሚተኛ በሽተኛ አለን።»

«ራጁም ሊደገም! አላልኩሽም?» ብሎ ባልየው ሚስቱን ጠቀሳት። እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰበሰበና ትራሱን አስተካክሎ ጋደም አለ።

«ተመስገን» አለች ሚስት፣ ድምጿ ሳይወጣ።

ነርሷ ኦክስጅኑን እየገፋች ገባች።

«ጋሼ» አለች ሐኪሟ፣ «ይነሱና አልጋውን ለባለቤትዎ ይልቀቁላቸው።»