ቀድሞ የመጣ ሳቅ

ጋሼ የአዲሱን ልቦለዳቸውን ምዕራፍ ለወዳጆቻቸው ሲያነቡ ሳሎኑ ውስጥ ትንፍሽ የሚል አልነበረም። ስመ ጥሩው ደራሲ ከንባቡ ቀን በፊት አንዲት መስመር ለሰው አያሳዩም፤ ሚስታቸው እንኳ የምትሰማው ከእንግዶቹ ጋር ነበር። ከወዳጆቻቸው ሁሉ ታናሽ የሆነችው ደራሲ ከባሏ አጠገብ ተቀምጣ ስታዳምጥ ድንገት ክው አለች። በምዕራፉ ውስጥ አንድ አባት በልጁ ሠርግ ላይ አዲሱ ጫማው እንዳይቆሽሽ አውልቆ፣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይጨፍራል። የራሷ አባት ነበር፤ ገና ለማንም ካላሳየችው ረቂቋ የወጣ።

ባለፈው ሳምንት ቦርሳዋን ከነረቂቁ እዚሁ ቤት ረስታ ሄዳ ነበር። «ሽማግሌው ቦርሳዬን በርብረውታል» አለችው ባሏን በሹክሹክታ።

«ተይ እንጂ! ደግሞ የመጽሐፍ ነገር ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ ሾፌርሽ ነኝ» ብሎ እጇን ጨበጥ አደረገ።

ጋሼ ማንበባቸውን ቀጠሉ። አባትየው ጫማውን ለአፍታ ደጃፍ ላይ አስቀመጠ። ይሄኔ ባሏ ከት ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ዞረ። ጋሼ ባሏን በዓይናቸው ገሥጸው ገጹን ገለጡ፤ ውሻ መጥቶ አንዱን ጫማ ነጥቆ ሮጠ። ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን እጇን ከባሏ መዳፍ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች። በረቂቋ ውስጥም ሆነ በእውነተኛው ሠርግ ላይ ውሻ አልነበረም።