አንቱ የተባለችው ልጅ

የወይንሐረግ ሰኞ ጠዋት ከልጇ ትምህርት ቤት ተደወለላት። የተማሪዎች አማካሪዋ፣ ካውንስለሯ፣ ልታነጋግራት ትፈልጋለች። ካውንስለር ማለት የእብድ ሐኪም መሆኑን አሜሪካ፣ ላንድማርክ ሰፈር ያሉ የሐበሻ ሴቶች በሙሉ ያውቃሉ፤ ከየት እንደሰሙት ግን አንዳቸውም አያውቁም።

«ልጄን እብድ ሊያስብሉብኝ ነው» አለቻት ጎረቤቷን ውብነሽን። «ሄጄ ሕክምና አልፈልግም ብዬ እፈርማለሁ። ገመናዬን ለፈረንጅ አልዘረግፍም።»

ማክሰኞ ባሏ ዓባይነህ በታክሲው አደረሳት። ዓባይነህ የተመሰገነ ባል ነው። አይጮህም፣ አይጨቃጨቅም፣ ምን ብትጠይቀው «እንዳልሽ» ነው መልሱ። እንዲህ ያለ ባል ለማግኘት ስንቷ ስለት ተስላለች። «አንቺ ግቢ፣ እኔ ፓርኪንግ እሆናለሁ» አላት።

ቢሮው ውስጥ ልጇ ኤፍራታ ዓይኗ ቀልቶ ተቀምጣለች። አስተርጓሚዋ በስልክ ነች፤ ካውንስለሯ የምትለውን ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ ድምፅዋ ግን ይቆራረጣል።

«…ዓባይነህ ሌሊት አይተኙም ይላሉ» አለች አስተርጓሚዋ።

የወይንሐረግን ሳቅ አፈናት። አሜሪካ የአባትን ስም ለልጅ ማሸከሙን ለምዳዋለች፤ እሷንም ባንክ ቤት «ገብረሥላሴ» እያሉ ነው የሚጠሯት፣ በአባቷ ስም፣ ነፍሳቸውን ይማርና። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አንቱ ሲባል ግን ገና መስማቷ ነው። አስተርጓሚዋ አማርኛዋን አውሮፕላን ላይ ረስታው ሳትወርድ አልቀረችም።

«የስልክ ጣጣ ነው» አለች የወይንሐረግ። «ከዛሬ ጀምሮ ስልክ የለም።»

«ከሰው አይነጋገሩም። ባልኖር ይሻለኛል ብለዋል።»

አሁን ሳቋ ጠፋ። ልጇን አቅፋ ማልቀስ አማራት፤ ነገር ግን ውብነሽ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምትለው ቀድሞ ታያት።

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለች። «ጸበል አለ፣ የንስሐ አባት አሉ። ወረቀቱን ስጡኝ፣ ልፈርም።»

አስተርጓሚዋ ከካውንስለሯ ጋር ጥቂት ተነጋገረች። «ፈረሙም አልፈረሙም፣ ለአሁኑ ብቻቸውን እንዳይተዉ ይላሉ።»

«ብቻዋን ትቻት አላውቅም» አለች የወይንሐረግ፤ ብዕሩንም አነሳች። «እኔ አለሁ። አባቷም አለ፣ ይኸው መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ እየጠበቀን ነው።»

ኤፍራታ የእናቷን እጅ ያዘች።

«ማሚ፣ ኢትስ ኖት ሚ፤ እኔ የነገርኳቸው ስለ ራሴ አይደለም። አንቱ የሚሉት ዳዲን ነው።»