የሚያስቡትን ይናገሩ

ማስተዋል ደብረ ብርሃን ቤቷ ውስጥ ጋቢዋን ደርባ፣ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። «ለነፍሰ ጡሮች የተሠራ አዲስ አፕ ነው» አለቻት አስተርጓሚዋ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ጥሪው። «የምንፈትነው አፑን እንጂ እርስዎን አይደለም። ስክሪኑን እየነኩ የሚያስቡትን ይናገሩ።» ባሕር ማዶ ሆና አፑን የምታስፈትነው አጥኚም በስክሪኑ ላይ ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘችላት። ማስተዋል ለሙከራው ስሟን ያስመዘገበችው ሆዷ ገፋ ያለ ጊዜ ነበር፤ ቀጠሮው ግን ካስወረዳት በሳምንቱ ደረሰ። ቀርቼስ ምን እሠራለሁ ብላ ገባች።

የወር አበባዋን ያየችበትን የመጨረሻ ቀን ስትሞላ አፑ አስልቶ፣ «ልጅዎ አሁን ድምፅዎን መስማት ይጀምራል» የሚል ጽሑፍ አወጣ።

«ይህን ሲያዩ ምን ተሰማዎት?» ስትል አስተርጓሚዋ የአጥኚዋን ጥያቄ አቀበለቻት።

«ፊደሉ ትንሽ ነው።»

አጥኚዋ የተተረጎመላትን ጻፈች። ማስተዋል ገጹን በአውራ ጣቷ ወደ ላይ ገፋችው፤ ወደ ታች መለሰችው፤ ደግማ ገፋችው።

«ምን እየፈለጉ ነው?»

«ልጇ ያልቆየላት ሴት የምትነካው የት ነው?»

አስተርጓሚዋ ይህን አልተረጎመችም። «እህቴ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መቼ ነው?»

«ባለፈው ቅዳሜ። ንገሪያት።»

አጥኚዋ ስትሰማ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። አቀርቅራ ጥቂት ቃል ተናገረች።

«በጣም አዝኛለሁ ትልሻለች። እንዲህ ያለ ቦታ አላበጀንም፤ አላሰብነውም ነው የምትለው። ከፈለግሽ እዚህ ላይ እናቁም።»

ማስተዋል ስልኩን አየችው። ለቅሶ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች፤ አልመጣም።

«ግድ የለም፣ እንጨርሰው» አለች። «አሁን የትኛውን ልንካ?»